ዘይት ያልጠጣው ሞተር

በሰፈሩ «ጆሮ» ነበር የሚሉት። የታመመ ሞተር አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፈን፣ አንገቱን ዘንበል ካደረገ አለቀ፤ ሕመሙ የቱ ጋ እንዳለ በጣቱ ይጠቁማል። አሁን ያ ጆሮ የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ተለጥፏል፤ ከመሬት በታች የሚንኳኳ ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል። ከኋላ የመታው ሰው የመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዱም በቅቷል።

ኢንስፔክተሩ ቁጢጥ ብሎ ሲያየው ቆየ። ዓይኑ ያረፈው ግን ቁስሉ ላይ ሳይሆን ሸሚዙ ላይ ነበር። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ። የሥራ ቱታው ግድግዳው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሏል።

«ሰርግ የተጠራ ነው የሚመስለው» አለ ሳጅኑ ከኋላው።

ሳጅኑ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ኮማንደሩ በስብሰባ መሀል «ከዚህ ልጅ ተማሩ» ካሉ ወዲህ፣ ኢንስፔክተሩ የልጁን ድምፅ በሰማ ቁጥር የተቦረቦረ ጥርሱን ቀዝቃዛ ውሃ የነካው ያህል ይዘገንነዋል።

ከሬሳው አጠገብ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ታድሶ ገና መግባቱ ነው፤ እንደ አዲስ ሳህን ያብለጨልጫል። ኢንስፔክተሩ መስኮቱን ተደግፎ ወደ ውስጥ አየ። ቁልፉ ተሰክቷል። ተሰክቶም ዞሯል።

«ሳጅን፣ ይህን ሞተር ማን አጠፋው?»

«ራሱ ነዋ! ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከምሳ በፊት አስነሳው፣ ትንሽ ሠራ፣ አጠፋው። ከዚያ ሚስቱ ምሳ ይዛ ገባች። ከዚያ ጩኸት።»

«ታዲያ ቁልፉን ለምን አልመለሰውም?»

ሳጅኑ በር ላይ ያገኘውን ምስክር ጠራ።

በር ላይ ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ የሚያውቀው ትንሽ ነበር። «ጌታዬ፣ ጠዋት ጆሮ እንደ ሙሽራ ለብሶ ገባ። ‹ዛሬ ማንን ልታገባ ነው?› ብዬ ቀለድኩበት፤ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በዚህ በር የገባች ሚስቱ ብቻ ናት። በኋለኛው በር የገባ ካለ ግን እኔ ማጅራቴ ላይ ዓይን የለኝም።»

የኋለኛው በር ወደ ጠባብ መተላለፊያ ይከፈታል። መተላለፊያው በአንድ በኩል ወደ ጆሮ ቤት፣ በሌላ በኩል ወደ ዋናው መንገድ ይወስዳል። በሩ መቀርቀሪያ ነበረው፤ ከውስጥ የቀረቀረው ግን አልነበረም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅኑ። «ሞተሩ እየጮኸ ሳለ ሰውየው በሕይወት አለ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ቀሚሷም በደም ተነክሯል።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። ኢንስፔክተሩን ያንገበገበውም ቀድሞ ያየው ልጁ መሆኑ ነው።

*

ሚስትየው ጣቢያው ውስጥ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ የቀሚሷ ደም ደርቆ ጠንክሯል። የባሏን ራስ አቅፋ እንደነበር ተናግራለች፤ ሳጅኑ ግን ስለዚያ አልነበረም የሚጠይቃት።

«ባለፈው ‹ይቺን ጣውንቴን አንድ ቀን በመዶሻ ነው የምፈጠፍጣት› ብለው ሲጮሁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶዎታል።»

«ብያለሁ።»

«ማን ናት?»

«ሰማያዊዋ።»

«ሰማያዊ ምን? ቀሚስ ነው?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። «መኪናዋ ናት፣ ልጄ። ሂድና እሰራት።»

ኢንስፔክተሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ደስ አለው። ደስ በመሰኘቱም ወዲያው አፈረ።

«አትሳቁብኝ» አለች ወደ እሱ ዞራ። «እኔ ጋ ሲበላ ዝም ነው። እሷ ጋ ሲሆን ያንጎራጉራል። ‹አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ› ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ታምሜ ተኝቼ አይዞሽ ያለኝ ሐኪሙ ነው። ከአባቱ የወረሳት መኪና ናት፤ እሷና ወንድሙ ካሉለት ሌላ ሰው አያስፈልገውም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ነጩን ሸሚዝ ተኩሽልኝ አለኝ። ‹ለማን ነው?› ብለው፣ ‹ምሳ ስታመጪ ታያለሽ› ብሎ ሳቀ። ለእሷ መሆኑ ገብቶኝ አንገትጌውን ላቃጥልበት ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ከዚያስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ከዚያማ ወንድሜን ልቀሰቅስ ወጣሁ። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ጓሯችን ካለችው ክፍል ነው የሚኖረው። የመኪናዋን ሽቦ ዛሬ ሊጨርስላት ነበር። ባንኳኳ፣ ባንኳኳ ወይ ፍንክች! በመስኮት ሳየው ሲጠጣ አምሽቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተጋድሟል። ተመልሼ ገብቼ ገና አፌን ሳልከፍት የባሌ ስልክ ጮኸ። ወንድሙ ነው። ባሌ እየበላ ስለነበር ድምፁን ለቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ‹ጋሼ፣ ዛሬ ይነሳል ወይ?› አለው። ባሌ ፊቴን አየና ነገሩ ገባው። ‹ጠጥቷል ባክህ!› ብሎ ሳቀ። ያም ሳቀ። ‹ከሰዓት ና› አለውና ዘጋው። እኔ እዚያው ቆሜ በወንድሜ ተሳሳቁበት! እኔ ሥጋው አይደለሁም፤ ወንድሙ ከደወለ እኔ ግድግዳ ነኝ።»

ሳጅኑ ሰዓቱን አየ። የቤተሰብ ኩርፊያ ለእሱ ጉዳይ አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ ኮማንደሩ ጠበቋቸው። ነገሩንም ቀድመው ከሳጅኑ ሰምተዋል። «በቅናት የገደለች ሴት ናት። ነገ ወህኒ ትወርዳለች» አሉ። ከዚያ የሳጅኑን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

ኢንስፔክተሩ ብቻውን ቀረ። ሴትየዋ አልገደለችም ብሎ የሚያስበው በማስረጃ ነው ወይስ ልጁ ገድላለች ስላለ? ራሱን ጠየቀ፤ መልሱን ግን አላመነውም። ያም ሆነ ይህ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነገ በር ይዘጋባታል። ከዚያ በፊት ያ ቁልፍ ለምን ዞሮ እንደቀረ ማወቅ አለበት።

*

ሞተሩን የከፈተላቸው ከጋራዡ ማዶ የሚሠራው መካኒክ ነው። የምስክር ወረቀቱን ከካልኩሌተር የማይበልጥ መስኮቱ ላይ ስለሰቀለ «ዲፕሎማ» ይሉታል።

«ልንገርዎት፣ ጆሮ ሞተ ሲባል እፎይ ያለ ሰው ካለ እኔ ነኝ» አለ እጅጌውን እየጠቀለለ። «ደንበኛ መኪናውን እኔ ጋ አቁሞ፣ ‹እስቲ ጆሮ ይስማት› ብሎ ወደ እሱ ይሻገራል። እኔ በትምህርት፣ እሱ በጆሮ! ስንት ዓመት አረረብኝ መሰለዎት።»

«ሞተሩ ሲጮህ የት ነበርክ?» አለ ሳጅኑ።

«ጭነት መኪና ስር። ሾፌሩ ራሴ አጠገብ ቆሞ ሲጨቀጭቀኝ ነበር። ጠይቀው፤ አሁንም እየጨቀጨቀኝ ነው።»

እውነትም ሾፌሩ በር ላይ ነበር፤ እውነትም ይጨቀጭቃል።

ዲፕሎማ ሞተሩን በትልቅ የብሎን መፍቻ ሊያዞረው ሞከረ። አልነቃነቅ አለው። ፊቱ ተለወጠ። «ይቺን ያጠፋት ሰው የለም። ተናንቃ ነው የቆመችው።» የዘይት ፊልትሮዋን ፈታና ጋዜጣ ላይ ገለበጠው። አንዲት ጠብታ አልወጣም። ከስር ገብቶ ከፈተና የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን አንድ ስስ የብረት ቅርፊት ይዞ ወጣ፤ ብርማ መሆን የነበረበት ቅርፊት ጠቁሮና ተገሽልጦ ነበር።

«ዘይት አልነበራትም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ከታች ሙሉ ነው። ወደ ላይ አልወጣም እንጂ። ይኸውልዎት፣ የታደሰ ሞተር ውስጡ ደረቅ ነው፤ የዘይት ፓምፑም ደረቅ ነው። ደረቅ ፓምፕ ደግሞ አይስብም። የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ አይተው አያውቁም? መጀመሪያ ውሃ ካላፈሰሱበት አየር ሲያላምጥ ይውላል። ስለዚህ ፊልትሮውን በዘይት ይሞላሉ፣ ፓምፑን ከላይ በመሰርሰሪያ ያሽከረክሩታል። ዘይቱ እስከ አናቱ ወጥቶ ሲንፎለፎል በዓይንዎ እስኪያዩ ቁልፍ አይነኩም። ዘለው ካስነሱት እንዲህ ብረት ብረትን ይበላዋል።»

«ጆሮ ረስቶት ይሆን?»

«ጆሮ?» ዲፕሎማ መራራ ሳቅ ሳቀ። «እናቱን ይረሳል እንጂ! እሱ ብቻ አይደለም፤ የትኛውም መካኒክ አይረሳም። ይቺን ያስነሳት ቁልፍ ከማዞር ሌላ የማያውቅ ሰው ነው።»

ሳጅኑ ጣቱን አጮኸ። «እሷው ናት! በኋለኛው በር ገብታ ገደለችው፤ በሕይወት ያለ እንዲመስል ሞተሩን አስነሳችና ወጣች። ከዚያ ምሳ ይዛ በፊት ለፊት ተመለሰች። ስለ ሞተር የማታውቅ፣ መኪናዋን የምትጠላ ሴት!»

ሴትየዋን ሊያወጣበት ያሰበው ቁልፍ በላይዋ ላይ ተቆለፈባት።

*

ጣቢያው ሲደርሱ የሴትየዋ ወንድም በር ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ፀጉሩ ተንጨባሯል፤ የአንድ እግሩ ጫማ የለም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! እህቴን ልቀቋት!»

ሳጅኑ ካቴናውን መዘዘ። «በምን መታኸው?»

«በምን ልምታው? በስካሬ ነዋ!» አለና ራሱን በጥፊ መታ። «ብነቃ ኖሮ አብሬው እሆን ነበር። ማን ይነካው ነበር?»

ሳጅኑ ካቴናውን መለሰ። ጎረቤቶቹ ቀድመው ነግረዋቸው ነበር፤ ጩኸቱ ሲሰማ ሰውየውን ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ውሃ ደፍተውበት ነው።

ኢንስፔክተሩ ክንዱን ይዞ አነሳውና ወንበር ላይ አስቀመጠው። «አማችህ ዛሬ ይጠብቅህ ነበር?»

«እንዴታ! መሰርሰሪያው እኔ ጋ ነው፤ አልጋዬ ስር። የዘይት መለኪያውንም ሽቦ ገና አላገናኘሁትም። ሰዎች ሞተሩ ተነሳ ሲሉኝ አላመንኩም። ምን ሲደረግ ይነሳል? አልጠጣ!»

«ምን አልክ?»

«አልጠጣም ነው የምልዎት። ዘይት። እዚያ ጋራዥ እንደሱ ነው የሚባለው፤ ጆሮና ወንድሙ ከአባታቸው የወረሱት አነጋገር ነው። ፓምፑ ተሽከርክሮ ዘይቱ እላይ ከወጣ ሞተሩ ‹ጠጥቷል› ይባላል። ጠጥቷል ከተባለ ቁልፉን ማዞር ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ሳበና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እህትህ ይህን አነጋገር ታውቀዋለች?»

«እሷ? ምሳ ከማድረስ በቀር ጋራዡን ረግጣው አታውቅም። የመኪናዋ ነገር ከተነሳማ ከክፍሉ ትወጣለች።»

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ሳጅኑ ከኋላው ተከተለ፤ «ምን አገኙ?» ቢለውም መልስ አላገኘም። ኢንስፔክተሩ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ዝም ማለት ጥሞት አያውቅም።

*

ፀጉር አስተካካዩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ሱቁ ከጋራዡ ትይዩ ነው።

«የሟቹ ወንድም፣ ትንሹ ጆሮ፣ እዚችው ወንበር ላይ ነበር። ሽበት አውጥቶም ሰዉ ‹ትንሹ› ይለዋል፣ ምስኪን። ሞተሩ መጮህ እንደጀመረ ነው የገባው፤ ከቤት መምጣቴ ነው አለኝ። አረፋ ቀባሁት። ‹ሰማህ? ጋሼ አስነሳት› አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ወንድሙን ቁርጥ!»

«ከዚያ?»

«ከዚያ ሞተሩ ቋ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ይኼ ሰውዬ ከነአረፋው ብድግ! ምላጬ አገጩን ጨረፈው። እኔ ‹ገደልኩት› ብዬ በቁሜ ቀረሁ። ሞተሩ ጓ ብሎ ዝም ሲል ተመልሶ ተቀመጠ።»

«ተቀመጠ? ወደ ጋራዡ አልሮጠም?»

ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ አሰበ። «እንዴ... አልሮጠም። ‹ጨርስልኝ› ነው ያለኝ።»

*

ትንሹ ጆሮ አገጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ኢንስፔክተሩ ፊት ተቀመጠ። ሳጅኑ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«እግዜር ያጽናዎት» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንድ ነገር ብቻ እንዲያስረዱኝ ነው። ፀጉር ቤት ሆነው የሰሙት፣ ያ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ ምን ነበር?»

«ብረት ነው። ዘይት ሲያጣ» አለ ሰውዬው።

«ወዲያው ቢያጠፉት ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፋል። ወዲያው ከሆነ።»

«መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር እኮ። የአባትዎ መኪና፣ የወንድምዎ ልፋት። ለምን ተመልሰው ተቀመጡ?»

ትንሹ ጆሮ መዳፉን ተመለከተ። «ፊቴ አረፋ ነበር።»

«አረፋ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እኔ ሌላ ነው የመሰለኝ። እየሮጡ ቢገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት ሬሳውን ነው። እሱን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያገኘው ነበር የፈለጉት።»

ሰውዬው ብድግ አለ። «መካኒክ ያልጠጣ ሞተር አያስነሳም! የፈለጉትን መካኒክ ይጠይቁ! ቂል ነኝ እኔ?»

«አይደለህም» አለ ኢንስፔክተሩ። አንቱታውን ያን ጊዜ ተወው። «ስለዚህ ነው እዚህ የተቀመጥከው። ጠጥቷል ብሎ ያመነ መካኒክ ብቻ ነው ያን ቁልፍ የሚያዞረው። ጠዋት ደውለህ ‹ዛሬ ይነሳል ወይ› አልከው። ምን አለህ?»

«ጠጥቷል አለኝ! ራሱ በአፉ ነው ያለኝ፣ ጠጥቷል ብሎ...» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ሚስቱ ወንድሟን ልትቀሰቅስ ሄዳ ተመልሳ ፊቱ ቆማ ነበር። አንተ ‹ዛሬ ይነሳል ወይ› ስትለው የታየው የሚስቱ ወንድም ነው። ሰካራሙ ጠጥቷል፣ ከአልጋው አይነሳም ማለቱ ነበር። ሞተሩ አልጠጣም።»

ትንሹ ጆሮ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ወንድሙ አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኳት?» አለ። «በኔ እጅ?»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። «ከሰዓት ና ቢለኝም አላስቻለኝም። በጓሮ ገባሁ። ነጭ ለብሶ ቆሟል። የታደሰ ሞተር የመጀመሪያ ቁልፍ በኛ ቤት ዝም ብሎ አይሰጥም። አባታችን ይቺን መኪና ሲያድስ ለጋሼ ሰጠው፤ እኔ ጭስ ማውጫው ጋ ቆሜ ነበር። ጋሼ ‹የሚቀጥለው ያንተ ነው› አለኝ። ሽበት እስካወጣ ጠበቅኩት። ‹ቁልፉን አምጣ› አልኩት። ‹ዛሬ እሷ ናት የምታዞረው› አለኝ። ሚስቱ! መኪናዋን የምትረግማት ሴት! ‹ደርሳ ትሂድ፣ ያንተ ሌላ ጊዜ ይሆናል› ብሎ ፈገግ አለና ጀርባውን ሰጠኝ። የብረት ቧንቧ አጠገቤ ነበር።»

«ከዚያ ሰው በሕይወት አለ እንዲለው ሞተሩን አስነሳህ» አለ ሳጅኑ።

ትንሹ ጆሮ ወደ ሳጅኑ ዞረ። «እሱንም አስቤያለሁ። መለኪያውን ባየው ሽቦው አልተያያዘም፤ ግድ አልሰጠኝም፤ ጠጥቷል ብሎኛላ። ግን ልዋሽህ አልችልም፣ ልጄ። እሱ እዚያ ወድቆ እንኳ፣ እኔ ቁልፉን መጀመሪያ ማዞር ፈልጌ ነበር።»

*

ሳጅኑ ለኮማንደሩ ሊነግር ቀድሞ ወጣ። ኢንስፔክተሩ በመስኮት አየው፤ ኮማንደሩ የልጁን እጅ ጨብጠው ይስቃሉ። ሊከተለው ተነሣና መልሶ ተወው። የሚነግራት ሰው ነበረች።

ሴትየዋ ኮሪደሩ ላይ ከወንድሟ ጎን ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ነገራት። ስለ ቁልፉ ሲደርስ አስቆመችው።

«ለኔ ነበር?»

«ለእርስዎ። ሸሚዙንም የለበሰው ለዚያ ነው።»

«ምነው ታዲያ አይነግረኝም? አፍ የለውም?» አለች፤ እሱ በሌላኛው ክፍል ያለ ይመስል ተቆጣች። ወዲያው ግን ቁጣዋ አቅም አጣ። «እና ያ ሰውዬ... በኔ ቀንቶ ነው?»

«በእርስዎ ቀንቶ ነው።»

ሴትየዋ ቃሉ የሌላ ሰው ልብስ የሆነ ይመስል አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ የቀናችው እሷ ነበረች፤ በእሷ የሚቀና ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ወንድሟ እጇን ሊይዝ ሲል ቀስ ብላ አነሳችበት።

«ምን ነበር ያለው? ባሌ፣ በራሱ አፍ?»

«‹ዛሬ እሷ ናት የምታዞረው።›»

«‹እሷ›?» አለች። «እኛ ቤት ‹እሷ› ከተባለ መኪናዋ ናት። ‹እሷ እንዴት አደረች፣ እሷን ልያት› ሲል ነው የኖረው። እኔን ‹እሷ› ብሎኝ አያውቅም።»

«መኪና ቁልፍ አታዞርም፣ እህቴ። ዛሬ ያለው እርስዎን ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ከሦስቱ ሌላ ሰው አልነበረም። ሴትየዋ የደረቀውን የቀሚሷን ጉልበት በእጇ ሸፍና ፊቷን ወደ እሱ ቀረብ አደረገች።

«እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ደገመላት።